ምች ያሉት ቁስል

ታቢታ ስትወለድ ቆዳዋ እንደ ወተት የነጣ፣ ጸጉሯም እንደ ደረቀ ሣር የገረጣ ነበር። የሀዋሳ ገበያተኛ ቲማቲም ሲገዛት «ፈረንጇ» ይላታል።

«ፈረንጅ ብሆን እዚህ አቧራ ላይ ምን አስቀመጠኝ?» ትመልሳለች።

ነገሩ ፈረንጅነት አይደለም፤ ሲያዩት ግን የሚያስደንቅ ነው። የሰውን ቆዳ የሚያጠቁረው ቀለም ጸሐይን የሚመክት ጋሻ ነው። ታቢታ ያለዚህ ጋሻ ተወለደች። ስለዚህ ካደገች በኋላ ከውጭ አበጀችው፤ እጅጌው ረጅም ቀሚስ፣ ግንባር ድረስ የወረደ ሻሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ ቀበሌው እሑድ እሑድ ሰልፍ ያለማምድ ጀመር። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽበሺ ከታቢታ ፊት ቆመ።

«ጃንጥላሽን እጠፊ። ሰልፉን ያበላሻል።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጸሐይ አልችልም።»

«ጸሐይ ለጭቁን ሁሉ እኩል ነው የምትወጣው» አለ፤ እሱ ራሱ ሰፊ ቆብ ደፍቷል። ሰዉ ሳቀ። ጃንጥላውንም ተቀብሎ ቀበሌ ውስጥ ቆለፈበት።

ከዚያ ወዲህ የታችኛው ከንፈሯ ላይ ቁስል ወጣ። ጎረቤቷ ብዙነሽ ዳማከሴ ጨምቃ መጣች። «ምች መታሽ፤ ይሄን ቀቢው።»

ታቢታ ቀባች። ምች ቢሆን ኖሮ በሳምንት በሁለት ሳምንት ደርቆ ይጠፋ ነበር። ይሄኛው ግን ይደርቃል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ይደማል፣ እንደገና ይደርቃል፤ ጠርዙም እየጠጠረ ሄደ። መጠርጠር ያለበት እንዲህ ያለው የማይድን ቁስል ነው። ወራት አልፎ ሲብስባት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ድሬሰሯ አልማዝ ከንፈሯን ዳበሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰልፍ ከጀመርን ወዲህ።»

«ምች እስከዚህ አይቆይም፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሰልፉ ብቻውን አላመጣውም፤ የጸሐይ ጉዳት ከልጅነት ጀምሮ እየተጠራቀመ ነው የሚመጣው። አሁን ትንሽ ነው፣ ተቆርጦ ይወጣል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ። ያለ ጥላም እንዳትወጪ።»

«ጥላዬ ታስሯል።»

«የት?»

«ቀበሌ።»

አልማዝ ልትስቅ ብላ ተወችው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ቆርጦ አወጣው፤ ካንሰር ነበር፤ ግን አልተስፋፋም። «ዘግይተሽ ቢሆን ከንፈርሽም አይተርፍም ነበር» አላት። ታቢታ እስከ ቤቷ ድረስ ይህን ቃል እያመነዠከች መጣች። እሑድ ጠዋት ከንፈሯ እንደተሰፋ ሰልፉ ፊት ቆመች።

«ብዙነሽ፣ ቁስሌን ምን አልሽው?»

«ምች።»

«ምች ከምን ይመጣል?»

«ከጸሐይ ነዋ። ማን የማያውቅ አለ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎስ ያውቃሉ?»

«ያው… ከጸሐይ ነው ይባላል።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ እያወቃችሁ ጥላዬን ለምን አሰራችሁት?»

የሚስቅ ጠፋ። ሽበሺ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቁልፉ እኔ ጋ የለም።»

«ቀኝ ኪስህን እይ፣ ጓድ» አለች ብዙነሽ።

ጃንጥላው ወጣ። አይጥ በልቶት ጨርቁ ተቀዷል። ሽበሺ «በይ ሰልፉ ውስጥ ግቢ፣ ረፍዷል» አለ።

ታቢታ ከቀበሌው በረንዳ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ከሻሿ ጫፍ መርፌና ክር አወጣች።

«ቀዳዳ አለው» አለች። «ጸሐይ በቀዳዳም ትገባለች።»

ቀስ ብላ ጥቅጥቅ አድርጋ መስፋት ጀመረች። ሰልፉ ጸሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃት።