ጫፉን የሚይዙልኝ አባቴ

ግቢያችን ሣር ላይ ቆሜ ዓሣ የማጥመድ ልምምድ ስሠራ ያየኝ ሁሉ ጤንነቴን ይጠራጠራል። ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ደግሞ ሰው አይቶ ዝም አይልም። ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «ማል ታቴ? ምን ነካሽ?» አለችና ለአባቴ ዱዓ ስታደርግ እኔንም እንደምትጨምረኝ ነገረችኝ። ሳቅኩላት፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል።

አባቴን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሲያዝ፣ ለአንድ ወር ብዬ ነበር ከባሌ አገር የመጣሁት። እዚያ አንድ ሎጅ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ በእረፍቴ ቀን አስጎብኚዎቹ ወንዝ ዳር የማጥመጃ ዘንግ አያያዝ አስተማሩኝ። ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። አጋሮ ቡና የሚነግደው ወንድሜ እሁድ እሁድ ሙዝና ምክር ይዞ ይመጣል፣ ሁለቱንም አስቀምጦ ከሰዓት ይመለሳል። እኔ ገበያ ትንሽ ከቆየሁ አባቴ ብቻቸውን ሊነሱ ሲሞክሩ ወድቀው ነው የማገኛቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሎጁ ኃላፊ ደወለ። ሴት እንግዶችን ወንዝ ወርዳ የምታስጠምድ ሰው ይፈልጋል፤ ከመስቀል በኋላ መጥተሽ ክሩን ወርውረሽ አሳዪን፣ ከቻልሽበት ሥራው ያንቺ ነው አለኝ። ለወንድሜ ብነግረው የቡናው ወቅት ይለፍና እናስብበታለን አለ። ለአባቴ እጄን ላፍታታ ነው ብዬ ዋሸኋቸው።

መልመድ የሚያስፈልገኝ ከኋላ ዛፍ ሲኖር ክሩ የሚወረወርበትን አወራወር ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ማወናጨፍ አይቻልም። ክሩ ከፊት ለፊት ውኃው ላይ ይተኛል፣ ውኃው ሲይዘው ዘንጉ ይጎብጣል፣ ያኔ ክሩ እየተጠቀለለ ወደፊት ይሄዳል። ሣር ግን ምንም አይዝም። ክሩ ሸርተት እያለ እግሬ ሥር ይከመራል። የቡና ጆንያ አርጥቤ ባነጥፍለትም ያው ነው። አንድ ጠዋት ዘንጉን ወዲያ ጥዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ ፊት ለፊት ከፕላስቲክ ወንበራቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣ የክሩን ጫፍ ወዲህ አምጪው አሉኝ። መንጠቆ የለውም፤ የሱፍ ቁራጭ ነው ያሰርኩበት። በደህናው እጃቸው ልክ እንደ ውኃው ያዙት፣ ስወረውር ለቀቁት። ክሩ በራሳቸው ላይ አልፎ ከኋላቸው ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ተዘረጋ። ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ከቁርስ በኋላ ሥራችን ይሄው ሆነ።

ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ወረወርኩና ክሩ አልሄደም። አባቴ አልለቀቁትም።

«ይልቀቁት እንጂ አባባ» አልኩ።

«ስለ ሥራው ወንድምሽ ነግሮኛል» አሉ፣ ክሩን እያዩ። «ሂጂ ብልሽ እንደምትሄጂ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።»

ተናደድኩ። ሄጄ ጣታቸውን ላላቅቅ ብታገል አቃተኝ፤ ያ እጃቸው ጠንካራ ነው። ከዚያ ራሳቸው ለቀቁት፣ እኔም ገብቼ ምሳቸውን አሞቅኩ።

መስቀል አለፈ። የሎጁ ኃላፊ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳሁም። አባቴ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጫፉን ይይዙልኛል፣ በሰዓቱም ይለቃሉ። ሂጂ ግን እስካሁን አላሉኝም፤ እኔም ሳይሉኝ መሄድ አልቻልኩም።