የአባዬ ኦራል የተነሳ ዕለት

በምኖርበት ባዕድ ከተማ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ አንድ ሰው መንገድ ዳር የጭነት መኪናውን ዘይት ሲያፈስ አየሁ። የተቃጠለው ዘይት ሽታ አዳማ፣ ግቢያችን ድረስ ወሰደኝ።

አባዬ ወታደር ሳለ ይነዳው የነበረውን ዓይነት አሮጌ ኦራል የጭነት መኪና ከጨረታ ገዝቶ፣ ለዓመታት ከመቂ ሽንኩርት ጭኖበታል። በኋላ ጭነት የሚያገናኙት ደላሎች «ናፍጣ ይበላል» ብለው ሸሹትና ግቢ ውስጥ ቆመ። ሲቸግረን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ሊሸጥ ሆነ።

ሊያዩት በሚመጡበት ጠዋት አባዬ ፊልትሮውን በናፍጣ አጠበ፤ ዘይቱን ቀየረ፤ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ግራሶ አጠጣ።

«ለሚቆራረጥ ብረት ዘይት ይቀየራል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?» አለችው እማዬ።

«ሲነሳ ካዩት አይቆርጡትም። የሚነዳው ሰው ይፈልጉለታል።»

ነጋዴዎቹ መጡ። አባዬ ሲያስነሳው ሞተሩ ጥቂት አጉረመረመና ተነሳ፤ የቆርቆሮው አጥር ተንቀጠቀጠ። ካቻቢቴ አንስቶ፣ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«ስሚው እስቲ ልጄ፤ ምን ጎደለው?»

ከነጋዴዎቹ ትልቁ ጠጋ ብሎ አዳመጠ። «ጋሼ፣ ሞተሩስ ጤነኛ ነው። እኛ ግን የምንገዛው በኪሎ ነው።»

አባዬ ሞተሩን አጠፋና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እንግዲያው ዘይቱን ሳላፈስ እሳት እንዳታስጠጉበት» አለ። «አዲስ ነው።»

እኔ በዚያ ጠዋት እመቤቴን የለመንኳት ሞተሩ እንዲነሳ ብቻ ነበር፤ መኪናው እንዳይቆረጥ ብዬ አልለመንኳትም። ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ለአባዬ ልጸልይ ስቆም፣ ስሙን ብቻ እጠራለሁ፤ ምን እንደሚደረግለት መለመን ትቻለሁ።