ወግዲ መንገድ ላይ የተጣመመው ቸርኬ

በኢሕአዴግ ዘመን፣ ገና ተመርቄ መካነ ሰላም የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ፣ መሥሪያ ቤቱ ያረጀች ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። ሴት ሞተር ስትነዳ አይቶ የማያውቅ ገበያተኛ ቆሞ ያየኝ ነበር። ለመድኩት።

አንድ ጠዋት ከወግዲ በኩል በእግራቸው የመጡ አዛውንት ቢሮው በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ከብቱ እያነከሰ ይሞት ጀመር" አሉኝ። "የእኔም ወይፈን ሲያነክስ ትቼው ነው የመጣሁ።"

አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ መሆኑን ጠረጠርኩ። የታመመውን ማዳን ቢያስቸግርም ጤነኛውን ቶሎ መከተብ ይቻላል። ክትባቱን በረዶ ባለው ሳጥን አስሬ፣ እሳቸውን ከኋላዬ አፈናጥጬ ተነሣሁ።

ከከተማው ርቀን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ጎርፍ በሸረሸረው ቦይ ውስጥ ያላየሁት ድንጋይ የፊት ጎማውን መታው። ሁለታችንም ወደቅን።

"አባባ፣ ተጎዱ?"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ። ሳጥኑስ?"

ጠርሙሶቹ አልተሰበሩም። በረዶው ግን መቅለጥ ጀምሯል። ጎማውም አልፈነዳም፤ ቸርኬው ነው ወደ ጎን የተጣመመው። ሞተሩን ልግፋው ስል ጎማው ደጋፊ ብረቱን እየነካ አልዞር አለ። መኪና ብንጠብቅ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ወደ ከተማ በእግር ብንመለስ ክትባቱ ይበላሻል።

"እናቃናዋለን" አልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ጎማውን በመፍቻ ፈታሁት። ከመንገዱ ዳር አንድ ወይራ ከሥሩ ለሁለት ተከፍሎ በቅሏል። የተጣመመውን ወገን በሁለቱ ግንዶች መሃል ሸጎጥኩና እኔ ስስብ አዛውንቱ በትከሻቸው ገፉ። መጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። ደግመን ሞከርን፤ መዳፌ ተላጠ። አዛውንቱ ነጠላቸውን አውልቀው እጄ ላይ ጠመጠሙልኝ።

"በይ፣ ያ አላህ ብለን እንሳብ!"

ብረቱ ድምፅ አሰምቶ ትንሽ ተመለሰ። ገጥሜ አዞርኩት፤ አሁንም ይነካል። ፈታሁት፣ ሳብን፣ ገጠምኩት። በመጨረሻ እየተወላገደም ቢሆን ብረቱን ሳይነካ ዞረ። መሪው እጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ ቁልቁለቱን እሳቸው በእግር እየወረዱ፣ ሜዳውን አብረን እየነዳን ደረስን። በረዶው ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም ነበር።

የአዛውንቱ ወይፈን ግን ሞቷል። ባለቤታቸው ደጅ ላይ እያለቀሱ አገኘናቸው። አዛውንቱ ወይፈኑን ጥቂት አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"የእኔስ አለፈ። የሰዉን ከብት አድኚ።"

እስኪመሽ ድረስ የጎረቤቶቻቸውን ጥጆችና ወይፈኖች እየያዙ አስከተቡ። የመጨረሻው ከተከተበ በኋላ ነው ሄደው ከወይፈናቸው በድን አጠገብ የተቀመጡት።

በማግስቱ በዝግታ ተመለስኩ። ኃላፊዬ ቸርኬውን አይቶ፣ "ሞተሩን ለወንድ ብንሰጠው አይሻልም?" አለኝ።

"ቸርኬ አስመጡልኝ እንጂ ሞተሩንስ አልሰጥም" አልኩት።

አዲሱ ቸርኬ ከደሴ በአውቶቡስ መጣ። ራሴ ገጥሜ መጀመሪያ የነዳሁት ወደዚያው መንደር ነበር። ከክትባቱ በኋላ የሞተው ከብት ጥቂት ነው። አዛውንቱ የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር አቀናጅተው ሲያርሱ አገኘኋቸው። እርፉን ሳይለቁ በጅራፉ ሰላም አሉኝና ትልማቸውን ቀጠሉ።