«አላውቅም» እያለ ይለፍፍ የነበረው ባጃጅ

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ መናኸሪያ ሚኒባሴ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ መልእክት ነው። «ውድ ነዋሪዎቻችን፣ ባጋጠመ ጊዜያዊ ችግር የተቋረጠው አገልግሎት በቅርቡ ይመለሳል» ይላል። የትኛው አገልግሎት? የየትኛው ሰፈር? በቅርቡ ማለትስ ዛሬ ማታ ነው ወይስ ለመስቀል? ብቻዬን ሳቅሁ። ረዳቴ «ምን አገኘህ ጋሼ?» ሲለኝ «እትዬ ስንዱ ትዝ ብለውኝ ነው» አልኩት። እሱ ከየት ያውቃቸዋል! ኮሮና ሲገባ ገና ልጅ ነበር። ተሳፋሪው እንደሆነ አልመጣ ብሏል፤ እስኪሞላ ድረስ አወራሁለት፤ ለእናንተም ላውራላችሁ።

ያኔ እኔ ጢሜ በወጉ ያልወጣ ባለ ባጃጅ ነበርኩ። ዛሬም ሽማግሌ አይደለሁም፤ ቢሆንም ሁለት ልጅና የወገብ ሕመም ያለው ሰው «በወጣትነቴ» ብሎ ቢጀምር ነውር የለውም። ከተማችን እዚሁ አዊ ውስጥ ናት፤ ስሟን ግን አልጠራም። የጡሩምባው ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ የሚያኮርፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ደግሞ ለዓመት በዓል እዚያው ነው የምሄደው። ከቆሰበር ከተማ ብዙ አትርቅም ልበልና ይብቃኝ።

በሽታው አገር ገባ የተባለ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መናኸሪያው ጭር አለ፣ ባጃጅም ከአንድ ሰው በላይ እንዳትጭን ተባለ። አንድ ሰው ጭኜ ልብላ ነዳጅ ልግዛ? ባጃጄን ቤት አቁሜ ስብሰለሰል ከተማ አስተዳደሩ ማስታወቂያ የሚዞርበት ባጃጅ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሮጥኩ። ሞንታርቦውን ጣሪያው ላይ በገመድ ጠፍረው ሲያስሩ፣ ከቢሮው ውስጥ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴትዮ ማይክራፎኑን ይዘው ወጡ። እትዬ ስንዱ ናቸው፤ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ።

«ስምህ ማን ነው?»

«አበጀ።»

«በል አበጀ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። እኔ እንዳልወድቅ ሳይሆን ሰው እንዲሰማ ነው።»

ሰው ግን አልሰማም። ምን ያድርግ! በእኛ ከተማ ሞንታርቦ ማለት ጫማ ሻጭ ነው፣ ሎተሪ ነው፣ የአይጥ መርዝ ነው። ድምፁ ሲመጣ ሁሉም በሩን ገርበብ ያደርጋል። ሙሉ ቀን ዞረን ዞረን ስንመለስ፣ ገበያው ወደ ሦስት ሜዳ መከፈሉን የሰማ አንድም ሰው አላገኘንም። እትዬ ስንዱ ያን ጊዜ ነው ያችን የተረገመች ሐሳብ ያፈለቁት። የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አያ ካሳን ጠርተው «ነገ በጠዋት ንፋልኝ፤ ሰው ይወጣል፤ ሲወጣ እነግረዋለሁ» አሏቸው። አያ ካሳ አገር የሚያውቃቸው የዋህ ሰው ናቸው፤ የመንግሥት ትእዛዝ መስሏቸው እሺ አሉ።

ነፉ። እውነትም ሰው ወጣ! እንዴት ያለ አወጣጥ! በእኛ አገር በጠዋት ጡሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በትራቸውን ይዘው፣ ከየጉራንጉሩ እየጎረፉ አደባባዩን ሞሉት። አንዳንዶቹ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማልቀስ ጀምረዋል። «ማን ነው? ማን ነው?» ይባባላል። አንዷማ የታመመ ወንድም ነበራትና እሱ ነው ብላ መሬት ላይ ወድቃ ትንፈራፈራለች። እትዬ ስንዱ ባጃጄ ላይ ቆመው «ማንም አልሞተም! ተራራቁ! ኧረ በማርያም ተራራቁ!» እያሉ ይጮኻሉ። አትሰብሰቡ ለማለት ከተማውን ሙሉ ሰብስበነው አረፍን።

«ማንም ካልሞተ ለምን አስለቀስሽን?» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ቀዝቀዝ ብለው። እኔ ባጃጄ ውስጥ አንገቴን ቀብሬ ነበር። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ሟርት ነው ብለው አያ ካሳን ሊያባርሯቸው ደረሱ።

በማግስቱ ከቢሮ ጽሑፍ ተሰጠን። «በተፈጠረው መጠነኛ አለመግባባት» ምናምን የሚል ነው። እትዬ ስንዱ አንዴ አነበቡት፣ አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ማይክራፎኑን ያዙ።

«ትናንት ጡሩምባ ያስነፋሁት እኔ ስንዱ ነኝ። አያ ካሳን እንዳትቆጡት፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ነው ያጠፋሁት። ያስደነገጥኳችሁ፣ ያስለቀስኳችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ። አሁን ወደ ውኃው ወሬ ልሂድ።»

ከዚያ ያንኑ ቃል በአገውኛ ደገሙት። በሮች ሲከፈቱ አየሁ። ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ሊስቅ ነው የወጣው። ከዚያ ግን ወሬው ጣመው። እትዬ ስንዱ የሚናገሩት ሌላ ሰው እንደሚናገረው አልነበረም። ወፍጮ ቤት ክፍት ነው፣ ሰልፉን ተራርቃችሁ ያዙ። የከብት ገበያ ዝግ ነው። ድንች የምትሸጡ ወደ ኳስ ሜዳው፣ ከሰል የምታመጡ ወደ ላይኛው መንገድ። የልጆች ክትባት አልቆመም። መታወቂያ ማደስ ቆሟል፤ መቼ እንደሚጀመር አላውቅም። ውኃ ለታችኛው ሰፈር ዛሬ ይመጣል ብዬ ነበር፣ አልመጣም፤ ሞተሩ ተበላሽቷል፤ ነገም እንደሚመጣ አላውቅም፣ ከምንጭ ቅዱ።

አላውቅም! በመንግሥት ሞንታርቦ! አለቃቸው ጠርቶ ሲቆጣቸው እኔ በር ላይ ሆኜ እሰማ ነበር።

«መንግሥት አላውቅም ይላል እንዴ?»

«መንግሥትን እንጃ፤ እኔ ግን አላውቅም።»

እንዴት እንደወደድኳቸው! ከዚያ ቀን በኋላ ነዳጅ በጎደለ ቁጥር ከኪሴም ቢሆን ሞልቼ እሄድ ነበር። ዝናብ ሲይዘን ባጃጁን ጥግ አስይዤ፣ ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየነካን እንበላለን፤ እሳቸው ከኋላ እኔ ከፊት፣ በመካከላችን ላስቲክ ተወጥሮ። ላስቲኩ በእንፋሎት ስለሚሸፈን መልካቸው አይታየኝም፤ ሳላቸውንና ሳቃቸውን ብቻ ነው የምሰማው። ከማስታወቂያው በፊት በጠዋት ተነሥተው ወፍጮ ቤቱንም፣ ጤና ጣቢያውንም፣ የውኃ ሞተሩንም በእግራቸው ዞረው አይተው ነበር የሚመጡት። «ለሰው ያየሁትን ነው የምነግረው፤ የተነገረኝንማ እሱም ሰምቶታል» ይሉኝ ነበር።

በዚህ መሀል ክረምቱ ገባ። እኔን ግን ጭንቀት ይዞኛል። እህቴ የሺ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው ያገባችው፤ እርጉዝ ነበረች፣ ወሯም ገብቷል። የበኩር ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ነርሷ ያኔ «ሁለተኛውን ቤት እወልዳለሁ እንዳትይ፣ ትሞቻለሽ» ብላታለች። አሁን ግን ሌላ ወሬ መጣ። ሆስፒታል የገባ ሁሉ ኮሮና አለብህ ተብሎ ኳራንታይን ይወሰዳል፤ ሕፃኑንም ከእናቱ ይለዩታል ተባለ። የሺ ይህን ከሰማች በኋላ እንቢ አለች። አማቷ እማማ ዘውዴም «እኔ ስንቱን በእጄ ተቀብያለሁ፤ ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አሉ። ባሏ ታደሰ ደግሞ በሚስቱና በእናቱ መካከል ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ባለቅስ ወይ ፍንክች!

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ጭጋጉ ከገብሱ ላይ ሳይነሣ፣ ልጠይቃት ስሄድ ምጧ ጀምሯል። ፊቷ ነጥቷል። «ደም አየሁ» አለችኝ በጆሮዬ። «የሺዬ፣ እንሂድ» ስላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ግን ክንዴን ይዛ «እስቲ ያቺን ሴትዮህን ጠይቃት» አለችኝ።

ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ነው። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወጥቼ ደወልኩ። እትዬ ስንዱ ነገሩን ሰምተው «ቆየኝ፣ ሆስፒታሉ ቅርቤ ነው፣ ገብቼ ልይ» ብለው ዘጉት። ያ ጥበቃ! ወደ ታች የእህቴን ጎጆ እያየሁ፣ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ስጠራ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ስማኝ አበጀ። ማዋለጃው ክፍት ነው። ሐኪሙ አለ፣ አይቼዋለሁ። ቀዶ ጥገናም ይሠራል። ኳራንታይን የሚወስዳት የለም፤ ልጇንም የሚነካባት የለም፤ ዛሬ የወለዱ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተኝተዋል። ደም ግን የለም። ምንም የለም። ከሌላ ከተማ የሚመጣው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለዚህ ደም የሚሰጡ ጎረምሶች ይዘህ ና።»

«የከተማው መግቢያ ኬላ ከአራት ሰው በላይ አያሳልፍም እኮ፣ እትዬ። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የለፈፉት?»

«ኬላው ላይ እኔ አለሁ። ቶሎ በል።»

እየሮጥኩ ወርጄ የተባልኩትን አንድም ሳልቀንስ ነገርኩ። ደም የለም የሚለውን ስናገር እማማ ዘውዴ «አላልኳችሁም! ደም ከሌለ ምን ልትሠራ ትሄዳለች!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ታደሰም «እና ታዲያ?» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም ነገሩን ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። የሺ ግን በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና «አንሡኝ» አለች።

«የሺ?»

«አንሡኝ ብያለሁ! ቃሬዛ አምጡ።»

በእኛ አገር ምጥ የጠናባትን ሴት የሚሸከመው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ታደሰ ደጅ ወጥቶ ሲጣራ ከየማሳው ወንዱ ተሰበሰበ፤ ከቀርቀሃ የተሠራውን ቃሬዛ አንሥተው፣ አራት ተሸክመው የቀሩት ከኋላ ለቅብብል ተከተሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ባጃጅ አያስገባም፤ ትከሻ ለትከሻ ሲቀያየሩ ቃሬዛው አንዴም መሬት አልነካም። አንዱ በሶ በውኃ በጥብጦ እየዞረ ያጠጣል። እማማ ዘውዴ ከሁሉ ኋላ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እያጉረመረሙ ይከተላሉ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ፖሊሱ እጁን ዘረጋ። «ተሸካሚዎቹ ብቻ ይለፉ! ሌላው ይመለስ!» አጠገቡ ዣንጥላቸውን የያዙ፣ ቀሚሳቸው ከታች በጭቃ የተለወሰ እትዬ ስንዱ ቆመዋል። ለካ ስልኩን እንደዘጉ በቀጥታ ነው የመጡት።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህ አጃቢ አይደሉም» አሉት። «እነዚህ የደም ከረጢቶች ናቸው። አፋቸውን ሸፍነው፣ ተራርቀው ይገባሉ። በኋላ የሚጠይቅህ ካለ ስንዱ ናት በል።»

ፖሊሱ አመነታና ዘወር አለ።

ገበሬ መቼም ከጦር ይልቅ መርፌ ይፈራል። አንዱ ትልቅ፣ በሬ የሚያክል ጎረምሳ ሆስፒታል ደርሰን ጣቱን ሲወጉት እዚያው ተዘረረ፤ እስከ ዛሬ በሰርግ ቤት ይቀለድበታል። የሌሎቹ ሲመረመር የሁለቱ ከየሺ ጋር ተስማማ። አንደኛው ታደሰ ራሱ ነበር። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ አወጣ፤ ደሙ እንደተፈራውም አልቆም አለ። ያን ጊዜ ግን የሚሰጣት ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ የባሏ ደም። ሐኪሙ ወጥቶ ላቡን እየጠረገ «እነዚህን ሰዎች ይዛችሁ ባትመጡ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እማማ ዘውዴ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ እትዬ ስንዱን ሊያቅፉ ሲሄዱ፣ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «ተራራቁ፣ እማማ!» አሏቸውና ሁላችንም በዕንባ መሀል ሳቅን።

ደግ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ጎበዝ ሰውም እንደዚሁ። ሁሉ ሰው በፈራበት ሰዓት የሌለውን የለም ብሎ፣ በዚያው አፉ ና፣ እኔ አለሁ የሚል ግን ከእትዬ ስንዱ ሌላ አላጋጠመኝም። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ያን ሁሉ ልመናዬን እንቢ ያለች እህቴ ደም የለም ሲባል እንዴት ተነሣች? ዘንድሮ ለፋሲካ እቤቷ ሄጄ፣ ያቺ ልጅ አጥር ስር ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትላፋ እያየን፣ ጠየቅኋት። የሺ ልጇ ላይ ዓይኗን እንደተከለች መለሰችልኝ።

«አንተ ጉብታው ላይ ሳለህ በልቤ ቆርጬ ነበር። ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው ይላሉ ብለህ ከመጣህ አልሄድም፤ እሱን ማንም ይለዋል። ደም የለም ስትለኝ ግን፣ ሴትዮዋ ስለ እኔ ብለው ገብተው እንዳዩ አወቅሁ።»