ያልተገኘው ቡሎን

ጋሽ ከዲሮን በደንብ አውቃቸው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት እሳቸው መካኒክ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆነን ሦስት ዓመት ስንሠራ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ሲሠሩ ግን በመስኮቴ አያቸው ነበር።

የካምቢዮ ዘይት ሲቀይሩ ክሪክ ብቻ አያምኑም፤ መኪናው ሥር ወፍራም ግንድ ያስገባሉ። የታችኛውን ማፍሰሻ ቡሎን ሳይነኩ በፊት የላይኛውን መሙያ ያላላሉ። «መሙያው እንቢ ቢልህ በየት ልትመልሰው ነው የምታፈሰው?» ይላሉ። የወጣውን ቡሎን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ማንም መኪናውን ያለ ዘይት አስነስቶ እንዳይሄድ።

በ1971 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ጋሽ ከዲሮ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ዘይት አፍስሰው እንደጨረሱ ካድሬው ይርሳው መጣ። ዴራ ስብሰባ አለው። አዲሱ ዘይት መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ከዲክሲስ የሚመለሰው ከሰዓት ነው።

«ድፈነውና እንሂድ» አለ ይርሳው።

«ያለ ዘይት?»

«እስከ ዴራ ቁልቁለት አይደል? ማርሽ ሳናስገባ እንንከባለላለን።»

«ድንጋይም ይንከባለላል፣ ጓድ። ድንጋይ ግን ሰው አይጭንም።»

አብረውት ሊሄዱ የቆሙት ገበሬዎች ሳቃቸውን ዋጡ። የይርሳው ፊት ጠቆረ።

«ቡሎኑን አምጣ!»

«ዘይቱ ሲመጣ።»

«ይሄ አሻጥር ነው! የት እንደሚያደርስህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ቅርብ ነው፤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብለው ከተወሰዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እኔ መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ከኋላው ቆምኩ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ኪሳቸውን ገለበጡ፤ ባዶ ጨርቅ ብቻ ወጣ። እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ሌላ ቡሎን ተሞከረ፤ ጥርሱ አልገጥም አለ። መኪናዋ አሥራ ስምንት ቀን እዚያው ቆመች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጋሽ ከዲሮ ተፈቱ። ከስተው፣ ጸጉራቸው ተላጭቶ መጡና ቀጥታ መኪናዋ ሥር ገቡ። ቡሎኑ እጃቸው ላይ ነበር። ጥርሱን ጠረጉ፤ አዲስ የመዳብ ቀለበት አጠለቁለት፤ መጀመሪያ በጣታቸው፣ ቀጥሎ በቁልፍ አጠበቁት። ከዚያ ዘይቱን ከመሙያው አፍ እስኪንጠባጠብ ሞሉት።

ያኔ እንደምንም ደፍሬ ወጣሁ።

«ጋሽ ከዲሮ፣ ሲፈትሹዎት የት ደበቁት?»

የላይኛውን ቡሎን ዘጉ። እጃቸውን በዚያው ጨርቅ ጠረጉና፣

«ያንን ክሪክ አቀብለኝ» አሉኝ።