የሊማሊሞው አሮጌ መኪና

የሦስት ዓመት ልጄን በቀበርሁ በሁለተኛው ወር፣ ደባርቅ ያለ አንድ ሎጅ አሮጌ የናፍጣ የጭነት መኪና እንዳድስለት ቀጠረኝ። መኪናው ድሮ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ እህል ያመላልስ ነበር፤ አሁን ቱሪስት ሊጭኑበት ነው። ልጄን ማትረፍ ያልቻለ እጄ ቢያንስ ብረት ያስነሣ ብዬ ተቀበልሁ። ከሰውም መሸሽ ፈልጌ ነበር። ያገኘኝ ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ይለኛል፤ ቃሉ አንገሽግሾኝ ነበር።

እንዲህ የማይሉኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ብቅ ይላሉ።

«ልጄ፣ ሞተሩ ተነሣ?»

«ገና ነው፣ አባቴ።»

«ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ።

ሽማግሌ ለሁሉም ነገር ተመስገን ይላል ብዬ አለፍሁት። የመኪናው የድሮ ሹፌር መሰሉኝ፤ ወደድኋቸው።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት ሮጬ ጠራኋቸው። መኪና መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌ ይመርቀዋልና «ይመርቁልኝ» አልሁ። እጃቸውን አልዘረጉም።

«የበኩር ልጄን ቁልቁለቱ ላይ ገጭቶ የገደለብኝ ይህ ነው» አሉ። «ዝጎ ቆሞ ሳየው ነበር የምጽናና።»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«እግዜር ያጥናዎት» አልኋቸው።