የእንጨቱ ሮለር ኮስተር ፍሬን ያዥ

ጋሽ ኪዳነወልድን የማያውቅ ሰው «ምን ይሠራሉ?» ሲላቸው «ባቡር አቆማለሁ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ለንደን ውስጥ፣ ከሰቨን ሲስተርስ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ሄድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር አንድ ያረጀ የመጫወቻ ፓርክ አለ፤ እዚያ ውስጥ የእንግሊዞቹ ቅድመ አያቶች የጮኹበት የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር የጨዋታ ባቡር፣ ነበረ። ሲገነባ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ስላልነበረ ባቡሩን ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ሰው ነው። ሰውየው በፉርጎዎቹ መካከል ይቆማል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲጮህ እሱ ዝም ብሎ ረጅሙን የብረት ዘንግ ወደ ራሱ ይስባል። ያ ሰው ጋሽ ኪዳኔ ነበሩ።

እኔ ሳባ እባላለሁ። እዚያው ፓርክ ውስጥ ቺፕስ እጠብሳለሁ፤ መስኮቴም ከሮለር ኮስተሩ መሳፈሪያ ፊት ለፊት ነው። የማወራው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ ተቆጥቼ ጠይቄ ያወቅሁትን። ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም፤ አስቀድሜ ልናገር።

ጋሽ ኪዳኔ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው ለንደን የገቡ ሰው ናቸው። ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጥበዋል፤ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ሳጥን ተሸክመዋል። ኋላ ፓርኩ ሐዲድ የሚቀባ ሰው ሲፈልግ ተቀጠሩና፣ እንግሊዛዊው ፍሬን ያዥ ጡረታ ሲወጣ ዘንጉን ተረከቡ። ቤተ ክርስቲያን ያሉት እኩዮቻቸው ይቀልዱባቸዋል። «ኪዳኔ፣ ዛሬስ የት ደረስክ?» ሲሏቸው «የተነሣሁበት» ይላሉ፤ አብረው ይስቃሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሃርልስደን ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በብርዱ ወራት ፓርኩ ሲዘጋ ከስተው፣ ጠቁረው ይመለሳሉ፤ ሲከፈት ነፍስ ይዘራሉ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ዘንጉን ይዘው ከላይ ሲወርዱ ብታዩአቸው የተሾሙ ሰው ነበር የሚመስሉት።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን ቤንጃሚን ሰበሰበን። ወጣት ነው፤ ክፉም አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሮለር ኮስተሩ ሊለወጥ ነው አለን። የእንጨቱ እግርና ማገር እንዳለ ይቆያል፤ ከላይ ያለው ሐዲድ ግን ተነቅሎ በብረት ይተካል። አዲሱ ባቡር ሰውን ዘቅዝቆ ይሄዳል፤ በራሱ ጊዜም ይቆማል። እንጨትና ብረት ስለተቀላቀለበት፣ እንደ መኪናው ሃይብሪድ ነው የሚሉት። ስለዚህ ፍሬን ያዥ ቀረ። የሚያስፈልገው መሳፈሪያው ላይ በመስታወት ቤት ተቀምጦ ስክሪን እያየ ቁልፍ የሚጫን አንድ ኦፕሬተር ብቻ ነው። የጋሽ ኪዳኔን ዘንግ ነቅለው ካፌው ግድግዳ ላይ ለጌጥ ሰቀሉት።

ያንን የኦፕሬተር ወንበር እንዴት እንደፈለጉት የማውቀው እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት መስኮቴ ላይ ተደግፈው «ሳባዬ፣ ዘንጉስ ይቅር። ብቻ እዚያው አጠገቡ ልሁን። ቤት ከተቀመጥኩ በዚያው መቅረቴ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም አለቀስኩ፤ ቺፕሱ አረረ።

በሳምንቱ ቤንጃሚን አስጠራቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«ጠየቀኝ!» አሉ።

«ምን ብሎ?»

«‹አዲሱን ማሽን አንተ ብትይዘው ደስ ይለኛል፤ ትፈልጋለህ?› አለኝ።»

«እሰይ! ምን አሉት ታዲያ?»

«ኧረ አይሆንም አልኩት። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ለልጆቹ ስጣቸው አልኩት።»

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። «እምቢ አሉት?»

«ታዲያ ወዲያው እሺ ልበል? ምን ይለኛል? ሲቋምጥ ነው የኖረው ሊለኝ ነው እኮ! ግድ የለሽም፣ ነገ ይመጣል፤ ይለምነኛል። ያን ጊዜ ‹እንግዲህ አንተ ካልክ› እለዋለሁ።»

እኒህን ሰው ምን ታደርጓቸዋላችሁ? እኔም እኮ ያደግሁት እንደዚሁ ነው። ሰው ቤት ገብተን «ብሉ» ስንባል፣ ሆዳችን እየጮኸ «አሁን በልተን መጣን» ብለን፣ ባለቤቲቱ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እስክትል የምንጠብቅ ሰዎች ነን። የሚለምን ሲኖር ደስ ይላል። እንግሊዝ ግን አንዴ ጠይቆ አይሆንም ካልከው ሳህኑን ያነሣል፤ ያውም አክብሮህ ነው።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ይመለሱና ቁርጡን ይንገሩት!» አልኳቸው።

«ነውር ነው» አሉኝ። ጭራሽ ተቆጡኝ። እኔ ሄጄ ልንገረው ብል ደግሞ «በማርያም፣ ትንፍሽ እንዳትይ!» ብለው አስማሉኝ። ማልኩ።

በማግስቱ ከረባት አስረው መጡ። ቤንጃሚን «ሞርኒንግ፣ ኪዳን!» ብሎ በአጠገባቸው አለፈ። «ሰው ስላለ ነው» አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሮው ደጃፍ ያለ ጉዳይ ቆሙ፤ ቤንጃሚን ወጥቶ ዝናብ ሊመጣ ነው አላቸውና ገባ። «እያሰበበት ነው» አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። ሠራተኞቹ የእንጨቱን ሐዲድ እየነቀሉ ይጥላሉ፤ ክሬኑ ቀይ የተቀባውን ብረት እያነሣ ከድሮው እግር ላይ ያጋድማል፤ ጋሽ ኪዳኔ በከረባት ከታች ቆመው ያያሉ። ቀይዋ ሐዲድ ቀን በቀን ትረዝማለች። እሳቸውም ቀን በቀን ይላጫሉ።

ፓርኩ ውስጥ ጊዲዮን የሚባል የእኛው ልጅ አለ፤ ቲኬት ይቆርጣል። ከአገር ሲመጣ ወለላቸው ላይ ያስተኙት፣ እጁን ይዘው ወስደው ያስቀጠሩት ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። ሰሞኑን ጠፍቶ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጋሽ ኪዳኔ መስኮቴ ላይ እንደቆሙ፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ ከች አለ።

«ምንድነው እሱ የለበስከው?» አልኩት።

«ኦፕሬተር ሆንኩ እኮ! ትሬኒንግ ጨርሼ መምጣቴ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ ጎንበስ አለና «ጋሼ፣ ይመርቁኝ» አላቸው።

መረቁት። እግዚአብሔር ያሳድግህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ወንበርህን ያጽናልህ አሉት። ልጁ አሜን አሜን እያለ ሄደ። ጋሽ ኪዳኔ ከረባታቸውን ፈትተው ጠቀለሉና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቺፕስ ብሰጣቸው አልበላም አሉ፤ ሦስቴ ለመንኳቸው፤ ያን ቀን እውነታቸውን ነበር።

መሐላዬን አፍርሼ ቤንጃሚን ቢሮ ገባሁ። እየጮኽኩ ሁሉንም ነገርኩት። ደነገጠ።

«እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። «ለትሕትና ብሎ ይሆን ብዬ የአገሩን ሰው፣ ጊዲዮንን ጠየቅሁት። ‹ከልቡ ነው፤ ደክሞታል፣ ማረፍ ይፈልጋል› አለኝ።»

ጊዲዮንን መስታወት ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። አዲሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከፍታውን ያስተካክላል።

«አንተ፣ የእኛ ሽማግሌ አይሆንም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸሸም። «ለንደን ነው እኮ ያለነው፣ ሳባ። ክፍት ቦታ አለ ተባለ፤ አፕላይ አደረግሁ፤ አገኘሁ። እሳቸው በአፋቸው አይሆንም ብለዋል። ልባቸውን ላስተረጉም አልተቀጠርኩም።»

ባጎረሱ ተነከሱ ማለት ይሄ ነው። በጥፊ ልለው እጄን አነሣሁና ካሜራውን አይቼ መለስኩት። እሱም ካሜራውን አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤንጃሚን ጋሽ ኪዳኔን አስጠራ። እኔንም ቁጭ በይ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሊያስተካክለው ነው ብዬ፣ እኔ ሞኟ።

«ኪዳን፣ በቀጥታ ልጠይቅህ» አለ። «ያን ሥራ ትፈልገው ነበር?»

ጋሽ ኪዳኔ ወደ እኔ አዩ። መሐላዬን መብላቴ ገባቸው። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ቆባቸውን አወለቁና በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አዎ» አሉ። «እፈልገው ነበር። አሁንም እፈልገዋለሁ። እባክህ።»

እኒህ ሰው ውሃ እንኳ ለምነው ጠጥተው አያውቁም። እባክህ ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ። ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ቤንጃሚን ፊቱ ቀላ። ሥራውማ አልቋል አለ። ጊዲዮን ፈርሟል፣ ሠልጥኗል፤ ለአንድ ማሽን ሁለት ሰው አይቀጠርም። «እኔ የጠየቅሁህ እውነቱን ለማወቅ ያህል ነው» አለ። «ወደፊት እንድማርበት።»

እንዲማርበት! ሽማግሌውን አስለምኖ፣ ሲለምኑ አይቶ፣ ለትምህርት ነው አለ። ተነሥቼ የምለውን አልኩት፤ ግማሹን በአማርኛ ስለሆነ አልገባውም። ጋሽ ኪዳኔ ግን አልተነሡም። እየሰሙም አልነበረም። ቆባቸውን እንደያዙ የቤንጃሚንን አፍ ነበር የሚያዩት።

ቤንጃሚን ደግሞ አዘነላቸው። ጥቂት አሰበና፣ አዲሱ ባቡር ሰውን ሲዘቀዝቅ ከኪስ ብዙ ነገር እንደሚረግፍ ነገራቸው፤ ስልክ፣ ቁልፍ፣ መነጽር፣ የታመመ ሰው ሲኖርም ትውከት።

«ከሥር ገብቶ የሚለቅምና የሚጠርግ ሰው...» ብሎ ጀመረ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

ገና ጥያቄውን አልጨረሰም ነበር።